ጠርሙስ ቁጥር አርባ

በባሕር ዳር ከተማ፣ ባሕር በሌለበት፣
ሐይቁን ባሕር ብለን፣ በተሳለምንበት፣
ከዓሣ ምርምሩ፣ ከኋለኛው ክፍል፣
በመደርደሪያው ላይ፣ ካቧራ መካከል፣
ጠርሙስ ቁጥር አርባ፣ ክዳኑ ዝጎበት፣
እንደ ጥምጥም ዞሮ፣ ነጭ ገመድ አለበት።

«ካንበሪ ኩላሊት» ይላል ወረቀቱ፤
ቀለሙ ፈዝዟል፣ ጠፍቷል ቀን ዓመቱ።
ማን እንዳመጣልን፣ አንማው ሲጠየቅ፣
«ከኔ በፊት ነበር» ይላል፤ እሱም አያውቅ።

የነነዌ ሰኞ፣ ጓንቷን አጠለቀች፣
ይታይሽ ክዳኑን፣ ጠምዝዛ አላቀቀች።
አዲስ ተመራቂ፣ ከቡሬ የመጣች፤
ሽታው እኛን ሲያስለን፣ እሷ ሣቅ አመጣች።
እኔ በሩ ጥግ ላይ፣
መወልወያዬን እንደ መቋሚያ፣ ተደግፌ ቆሜ፣
ጥጋቡ ነው ስሜ፤
እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጥጋብ የለም ከስሜ።

በብረት ሳህን ላይ፣ ገመዱ ተዘርግቶ፣
ቆዳው በምላጯ ጫፍ፣ እንደ ሐር ተከፍቶ፣
«ጡንቻው» አለች፣ «በሙሉ፣ የተሠራ በቁመት፣
ወገቡን የሚያጠብ፣ ቀለበት የሌለበት፤
መኮማተር አያውቅ፣ እንደ መሬት ትሉ፣
ግራ ቀኝ መወዛወዝ፣ ይኸው ነው ኃይሉ።»
«ልቡስ?» አልኳት። «የለም።» «ሳንባስ?» «አያውቅም።»
«ደሙስ?» «አንድ ጠብታ፣ የራሱ የለውም።»
«ታዲያ ምን አቆመው?»
«ውሃ ነው አጥንቱ፤ ቆዳው ውስጥ ታጭቆ፣
እንደ ባጃጅ ጎማ፣ በግፊት ተጨንቆ።»

ራሱን ፍለጋ፣ በመቆንጠጫዋ
ወደ ላይ ወጣችና፣ ጠፋ መድረሻዋ።
ራስ የለም።
ሥጋው ውስጥ እንደ ሥር፣ ተቀብሮ ኖሯልና፣
የሳበው ሰው በጥሶት፣ ቀርቷል እዚያው ገና።
«ጉሮሮው» አለችን፣ በመደርደሪያው አቧራ
በጣቷ እየሣለች፣ ያላየነውን ሥራ፣
«ቀዳዳው ሦስት ማዕዘን፣ ጉልቻ ይመስላል፤
ዙሪያውን የነርቭ፣ ቀለበት ይዞታል፤
አንጎል ማለት ያ ነው።»
አንማው ሊያይ ጠጋ ሲል፣ ያችን አንጎል ክንዱ ጠረጋት።

የቀረው ማኅፀን።
ከዳር እስከ ዳር፣ መንታ ቱቦ ሆኖ፣
እንቁላሉ እንደ ጤፍ፣ በጎታ ተከድኖ።
ለካ እናት ኖራለች!
ከዚያ ቃል በኋላ፣ «እሱ» ያላት የለም፤
አንማው እንኳ «አንቺ» አላት፤ እሷ ግን አትሰማም።
«የሩቅ ዘመዷማ» አለች፣ «በቆሮሶ ልብ ሥር፣
እዚሁ ጣናችን ውስጥ፣ አለች ስትኖር።»

ያን ጊዜ ዝምታው፣ በሆዴ ተሰበረ፣
ወስፋቴ ጮኸና፣ ክፍሉን አሸበረ።
«ዘመድ ለቅሶ ደረሰ!» ብሎ ሳቀ አንማው፤
እኔ ግን ሐሳቤ፣ ዮናስን አገኘው።
ሦስት ሌሊት በጨለማ፣ ሲጸልይ ከሆዱ፣
እንዲህ ያለች እናት፣ ነበረች ወይ ካንዱ
ኩላሊት?
እሱን ዓሣው ተፋው፣ ከተማ ሊያስተምር፤
እሷን ማንም አልላካት፤
እንቁላሏ ብቻ፣ በሽንት ሄደ ባሕር።

ዘጠኝ ሰዓት ሞላ። ሁለቱ ወጡ ለምሳ፤
በመስኮቱ ገባ፣ የሐይቁ ሽታ፣ የዓሣ።
ከጠርሙሱ መልሼ፣ ዙሯን አስተካክዬ፣
ክዳኑን ገጥሜ፣ እርሳሴን ስዬ፣
ከወረቀቱ ግርጌ፣ ጨመርኩ ሁለት መስመር፦
«ሴት ናት።
ራሷ አልመጣም።»

ከዚያ እጄን ታጠብኩ፤ ሁለት ጊዜ።
ሽሮው ቀዝቅዞ ነበር።
በላሁ፤ ወስፋቴም ዝም አለ።